ክርክር፦ የመንግሥት ገጽ የሚተቸውን ሰው ብሎክ ማድረግ አለበት?

አወያይ፦ አንዳንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በፌስቡክና በኤክስ ገጻቸው የሚተቻቸውን ሰው ብሎክ ያደርጋሉ። አስተያየት መስጫውን ጭራሽ የሚዘጉም አሉ። ተገቢ ነው ትላላችሁ?

የሕግ ባለሙያ፦ በፍጹም! ገጹ የሚተዳደረው በሕዝብ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ዶናልድ ትራምፕ ተቺዎቻቸውን በትዊተር ብሎክ ማድረጋቸው የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብሏል።

የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ ቀጣዩን ለምን ተውከው? ትራምፕ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመናቸውን ጨርሰው ከወረዱ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሽሮታል። በ2024 ደግሞ መስፈርት አስቀመጠ። ባለሥልጣኑ በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ሲለጥፍም ያንኑ ሥልጣን እየተጠቀመ መሆን አለበት። የልጁን ልደት የሚለጥፍበት የግል ገጹ ሌላ ነው። ደግሞስ ቀኑን ሙሉ ስድብና ዛቻ የምናነበው እኛ ሰው አይደለንም?

የሕግ ባለሙያ፦ ስድቡ ይጥፋ፣ ማን ከለከለ? ሰውዬው ግን ለምን ይባረራል? ነገ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቢወጣ እኮ የሚለጠፈው እዚያው ገጽ ላይ ነው።

ጋዜጠኛ፦ ገጹ ክፍት ሆኖ ሰሚ ከሌለስ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕገ መንግሥት ስታረቅቅ ሕዝቡ በፌስቡክ ጭምር ሐሳቡን ሰጠ። በማግስቱ ዓመት ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከመራጮቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ረቂቁን ደገፉ። ፓርላማው ግን አላጸደቀውም። ያ ሁሉ ሰው የደከመው ለምን ነበር? ታይዋንን ደግሞ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በስልክ መተግበሪያ ታክሲ የሚያስጠራውን የኡበርን ጉዳይ በኢንተርኔት መድረክ ለሕዝብ ውይይት አቀረበች። በመድረኩ ላይ ለሌላው ሐሳብ "እስማማለሁ" ወይም "አልስማማም" ማለት ይቻላል፤ መልስ መጻፍ ግን አይቻልም። ስለዚህ መሰዳደቢያ ቦታ የለም። ሰዉ የተስማማባቸው ነጥቦችም ኋላ በወጣው ደንብ ውስጥ ገብተዋል።

የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፦ እሱ ለብቻው የተሠራ መድረክ ነው፣ ፌስቡክ ላይ የመልስ ቁልፉን ማንሳት አንችልም። እንመልስ ብንልስ? ለአንዲት መልስ የሦስት አለቃ ፈቃድ እንጠብቃለን። እስኪፈቀድ ጠያቂው ተስፋ ቆርጦ ሄዷል።

ጋዜጠኛ፦ እንግዲያው ገጹን ለያዘው ሠራተኛ የመመለስ ሥልጣን ይሰጠው።

የሕግ ባለሙያ፦ በዚህ እስማማለሁ። ብሎክ የተደረገ ሰውም ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረው፤ ቅሬታውን የሚሰማውም ያገደው ሰው ራሱ አይሁን።