የኮንዶሚኒየም ግቢያችን በሌባ ተቸገረ፤ ካሜራ እናስገጥም ወይስ ጥበቃ እንቀይር?

ጥያቄ፦ ጸሐፊዋ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አያት አካባቢ አምስት ብሎክ ሆነን አንድ ግቢ እንጋራለን፤ እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ከክረምት ወዲህ ሌባ አላስቀምጥ ብሎናል። በስፖኪዮ ተጀመረ፣ ወደ መኪና ባትሪ ተሻገረ፣ አሁን ደግሞ ከብሎክ 3 ደረጃ ሥር የውሃ ቆጣሪ ነቅለው ሄዱ። ውሃው ሲፈስ አድሮ ግራውንድ ያሉት ሰዎች ምንጣፋቸውን ሲያሰጡ ዋሉ።

ጥበቃዎቻችን ሁለት ናቸው፣ በፈረቃ የሚያድሩ፣ ሁለቱም በዕድሜ የገፉ። ስብሰባ ብንጠራ ግማሹ "ካሜራ ይገጠም"፣ ግማሹ "ጥበቃ ይቀየር" ብሎ ሳንስማማ ተበተንን። አንድ ጎረቤታችን እንዲያውም ውስጡ ባዶ የሆነ የውሸት ካሜራ ሰቅለን እንገላገል ይላሉ። መዋጮ ከመሰብሰባችን በፊት የምታውቁትን ንገሩን፦ ካሜራ እውነት ሌባ ያስቀራል? የት የት ይገጠማል? መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ገጣሚው

እህቴ፣ ሥራዬ ካሜራ መግጠም ነው፤ ስለዚህ "ግዙ" እንደምል ትጠብቂ ይሆናል። ግዙ፣ ግን አራተኛ ፎቅ ጣራ ላይ አትስቀሉት። ኮሚቴዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ "ግቢውን በሙሉ የሚያይ" ነው። ግቢውን በሙሉ የሚያይ ካሜራ የማንንም ፊት አያይም፤ ኮፍያ ያደረገ አናት ነው የሚቀርጸው።

በብዛት የሚሸጠው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ሰፊ ቦታ ያሳያል። የማታውቂውን ሰው ፊት ግን በደንብ የሚለየው እስከ 3 ሜትር ገደማ ድረስ ነው። ወደ 6 ሜትር ሲርቅ "ይሄ የእገሌ ልጅ ነው" የሚለው ድሮውንም የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ካሜራ በሩ ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ላይ፣ ጠበብ ያለ ቦታ አቅርቦ በሚያሳይ ሌንስ ግጠሙ። ሌባው መኪናው ጋ ምንም ያድርግ፣ ሲገባና ሲወጣ በዚያ ካሜራ ፊት ማለፉ አይቀርም። ሰፊዎቹን ለመኪና ማቆሚያውና ለደረጃዎቹ አፍ አድርጓቸው።

ሌሊት ላይ ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው የኢንፍራሬድ መብራት ሸረሪት ይጠራል፤ ድር ሌንሱ ላይ ካደራ ስክሪኑ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። በየጊዜው በመጥረጊያ ጫፍ ማንሳት ነው። ከዚያ የሚሻለው ግን አንድ ደህና ነጭ መብራት ነው፤ ቀለም ያሳያችኋል፣ ሌባውም አይወደውም።

ቅጂውን በተመለከተ፣ በH.265 (ቪዲዮውን ጠቅጥቆ በሚያሳንስ ዘዴ) የሚቀዳ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ በ2 ሜጋቢት ሲሠራ በቀን ወደ 21 ጊጋ ይፈጃል። ስድስት ካሜራ ካላችሁ ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ሁለት ሳምንት ያህል ይይዝና አሮጌውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። ነገሩ በደረሰ ማግስት ወደ ፍላሽ ካልገለበጣችሁ "ካሜራ ነበረን" ብቻ ነው የምትሉት። ሪከርደሩን፣ ማለትም ቅጂውን የሚይዘውን ሳጥን፣ ጥበቃ ቤት አታስቀምጡት፣ እሱንም ይዘውት ይሄዳሉ። ከነዋሪ ቤት፣ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ስድስት ካሜራና ሪከርደር በሌሊት ወደ 50 ዋት ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ የምትተካው ትንሿ ዩፒኤስ አንድ ሰዓት ገደማ ትይዛለች፤ ለአዳር ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር አወር ባትሪ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚቀይር ኢንቨርተር ጋር ያስፈልጋል። ፋብሪካው የሰጠውን ፓስወርድ ደግሞ የገጠማችሁ ሰው ሳይሄድ ቀይሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰው ፓስወርዳቸው ባልተቀየረ ካሜራዎችና ሪከርደሮች ገብቶ ነው። ዋጋ አትጠይቁኝ፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም።

መልስ፦ የቀድሞ ሰብሳቢ

ልጄ፣ እኛም ካሜራ አስገጥመናል፤ ጠቅሞናል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ማታ ወርጄ ግቢውን በሌባ ዓይን አየሁት። የጥበቃ ቤቱ በር ወደ ግድግዳው ነበር የሚከፈተው። ብርድ ስላለ ጥበቃው ከሰሉን አቀጣጥሎ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲቀመጥ ጀርባውን ለግቢው በር ሰጥቷል። ሰውዬው አልተኛም፤ የሚያየው ግን የለም። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ አባርሮ ወጣት ቢቀጥሩ ወጣቱም እዚያው ነው የሚቀመጠው፣ በዚያ ላይ ስልኩ ላይ ያፈጣል።

የጥበቃ ቤቱን ወደ በሩ አዞርን። የተቃጠሉትን አምፖሎች ቀየርን። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ትልቁ በር ተዘግቶ በትንሿ በር ብቻ መግባት ሆነ፤ ምግብ የሚያመጡት ሞተረኞችም በር ላይ ቆመው ይደውላሉ። መጀመሪያ ጩኸት ነበር፣ በተለይ አምሽቶ የሚገባው። ለጥበቃው ፊሽካና የየብሎኩ ሁለት ሁለት ሰው ስልክ ካርቶን ላይ ተጽፎ ተሰጠው፤ ብቻውን ሌባ እንዲይዝ ማንም አይጠብቅበትም፣ ነፍቶ መቀስቀስ ነው። 991ም ካርቶኑ ላይ አለ።

መልስ፦ ተጠራጣሪው

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ካሜራ ሌባውን አያስቀረውም፤ ወደ ቀጣዩ ግቢ ይልከዋል እንጂ። ማስክና ኮፍያ ካደረገስ ምን ታደርጉታላችሁ?

መልስ፦ ገጣሚው

ወንድሜ፣ ልክ ያልከው አለ። ግን የወንጀል ተመራማሪው ኤሪክ ፒዛና ባልደረቦቹ በ2019 እ.ኤ.አ. የ40 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ካሜራ ባለበት ቦታ ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ቀንሶ አግኝተውታል። 13 በመቶ ተአምር አይደለም። ጎልቶ የታየው ግን መኪና ማቆሚያ ላይ ነው፤ የእህታችን ችግር ደግሞ የተጀመረው እዚያው ነው። ካሜራው ከመብራትና ከሚከታተል ሰው ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል፤ ሰብሳቢው ያሉት ማለት ነው። ለማስክ ለባሹ መልስ የለኝም፣ አካሄዱንና ጫማውን ካላወቅህ በቀር።

መልስ፦ ጠበቃ

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ደረጃውና መኪና ማቆሚያው የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ ኮሚቴው ብቻውን አይወስን፤ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ማን ቅጂ ማየት እንደሚችል፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ አብሮ ይጻፍ። ካሜራው የማንም ቤት በር ሲከፈት ሳሎን የሚያሳይ እንዳይሆን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ ነው። ቪዲዮ የተገኘ ዕለት ሁሉም ቴሌግራም ላይ "ይህን ሌባ ያያችሁ" ብሎ ይለጥፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም። አንቀጽ 28 ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲሆን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ቅጂው ወደ ጣቢያ ይሂድ። ልጁ የጎረቤት ዘመድ ሆኖ ቢገኝስ? ስሙን በምን ትመልሱለታላችሁ?

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ በየበሩ ባለ ካሜራ ደወል አለ። ለእናቴ ልልክላት ነበርና ተውኩት። ቪዲዮው የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ በየወሩ ይከፈልበታል፣ ኢንተርኔት ከጠፋ ደግሞ ምንም አይቀዳም። ዘመድ "እልካለሁ" ካላችሁ ራሱ ላይ ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል መሆኑን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጸሐፊዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማምሻውን ወርጄ አየሁ፤ የእኛም ጥበቃ ቤት ፊቱን ወደ አጥሩ ነው ያዞረው! ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ የውሸት ካሜራውን ምን እንበላቸው? ለቆጣሪውና ለስፖኪዮውስ ከካሜራ ሌላ ምን ይደረጋል? ቅጂ ለፖሊስ ስንሰጥ የምንጠነቀቀው ነገር አለ?

መልስ፦ ገጣሚው

የውሸቱን ሌባው ከእናንተ በፊት ያውቀዋል፤ ሌሊት ቀያይ መብራቱ አይበራም፣ ሽቦውም የትም አይገባም። የባሰው ደግሞ ነዋሪው "ካሜራ አለ" ብሎ በሩን ከፍቶ መሄዱ ነው።

ቅጂውን በተመለከተ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ሪከርደሩ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው የሚጽፈው፤ ቪዲዮው ላይ 03:10 የሚለው ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነው። አቤቱታው ላይ ሁለቱንም ጻፉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባ ሪከርደር አለ፣ ከስልካችሁ ጋር እያስተያያችሁ አስተካክሉ።

መልስ፦ የቀድሞ ሰብሳቢ

ቆጣሪውን የሚወስዱት አካሉ ነሐስ ስለሆነ ነው፤ ለቆራሌ ይሸጣል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ቁጥሩ የሚነበብበት ቀዳዳ ያለው የብረት ሳጥን አሠርታችሁ ግድግዳው ላይ አስመቱት፤ ቁልፉ ለቆጣሪ አንባቢው እንዲከፈት ኮሚቴው ጋ ይቀመጥ። ስፖኪዮው መስታወት ላይ የታርጋ ቁጥር ይቀረጽ፤ የተቀረጸበትን ገዢ አይደፍረውም።

ጥያቄ፦ ጸሐፊዋ

የጥበቃ ቤቱን ማዞር ስንት ያስወጣል አባቴ?

መልስ፦ የቀድሞ ሰብሳቢ

ቆርቆሮ ከሆነማ ስድስት ጎረምሳ ነው የሚያስፈልግሽ። እኛ እሑድ ጠዋት ተሸክመን አዞርነው።