«ኮማ ለቃሚ»፦ ጆርናሉን የሚያወጣው ማን ነው?

የማራኪዋ፦ ትናንት የጤና ትምህርት ጆርናላችን አዲስ ዕትም ሲመረቅ እዚሁ ጎንደር አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ተናጋሪ ማይኩን ያዙና «ጆርናል ማለት ዋና አዘጋጁ ነው፤ ሌላው ኮማ ለቃሚ ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ምን ላድርግ? አራት ዓመት ሙሉ የዚያን ጆርናል ቋንቋ ያረምኩት እኔ ነኝ። ያለ ክፍያ፣ ማታ ማታ፣ ልጆቼን አስተኝቼ። ዕትሙን ገልብጡት፤ ስሜ የትም የለም። ሰውዬው ልክ ናቸው የምትሉ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ።

ሳሙና በር፦ ቀልድ እኮ ነው እህቴ። ደግሞስ ምኑ ሐሰት ነው? የሚፈርመው ዋና አዘጋጁ ነው። ስህተት ሲወጣ የሚሰደበው እሱ ነው። ጽሑፍ ሲመልስ ምሳ አብሮት የሚበላ ሰው የሚያኮርፈው እሱን ነው። አንቺን ማን ያውቅሻል?

የማራኪዋ፦ እኔስ ምን አልኩ? ማንም አያውቀኝም ነው ያልኩት።

ጃንተከል፦ ሃሃ፣ ሳሙና በር ለከሳሽ መሰከረ።

ቀሃ ዳር፦ በመጀመሪያ ኮማ አይባልም። ነጠላ ሰረዝ ነው።

ጃንተከል፦ ይኸው፣ ለቃሚው ደረሰ።

የአዘዞው፦ ቆይ፣ ሥራውን የማያውቅ አለና ልንገራችሁ። አንድ ጽሑፍ ይመጣል። የቢሮዋ ልጅ ትቀበላለች። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ እንደሆነ በሶፍትዌር ታያለች፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ትጠይቃለች። ከዚያ ተባባሪ አዘጋጁ ሁለት ገምጋሚ ፍለጋ ይወጣል። ለአምስት ሰው ይጽፋል። ሦስቱ አይመልሱም፣ አንዱ «እሺ» ብሎ ይጠፋል። በስንት ልመና ሁለት ተገኘ እንበል። ጸሐፊው ገምጋሚውን አያውቅም፣ ገምጋሚውም ጸሐፊውን። አስተያየት ይመጣል፣ ጸሐፊው ይናደዳል፣ ያስተካክላል፣ ደግሞ ይሄዳል። ቋንቋው፣ ሰንጠረዡ፣ የጽሑፉ መለያ ቁጥር ዲኦአዩ፣ ድረ ገጹ ላይ መጫኑ ገና ነው። ዋና አዘጋጁ በር ላይ ይቀበላል፣ በር ላይ ይሸኛል። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ግን ብቻውን? ኧረ በማርያም!

ሳሙና በር፦ ስም ስም ትላላችሁ። የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ መስፈርት አራት ነው፦ በጥናቱ ላይ ጉልህ ድርሻ፣ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሁሉም ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ቋንቋ ያቃና ሁሉ ደራሲ አይሆንም።

የማራኪዋ፦ ደራሲ ልሁን ያለ ማን ነው? ያው ያነበብከው ሰነድ እኮ መስፈርቱን የማያሟላውን አመስግኑት ይላል። አንድ መስመር ምስጋና። አራቱን ቆጥረህ እሷን ዘለልካት።

ጃንተከል፦ ለቃሚ ባይኖር መዝለሉን ማን ያይልሽ ነበር!

የአዘዞው፦ እኔ «ለቃሚ» የምትለዋ ቃል ናት የከነከነችኝ። እናትህ ምስር ባትለቅም ጥርስህ ይተርፍ ነበር ወይ ሳሙና በር?

ሳሙና በር፦ ምስር መልቀም ወጥ መሥራት አይደለም።

የአዘዞው፦ እስቲ ሳይለቀም የተሠራውን ብላ!

ሳሙና በር፦ የወጡ ባለቤት ግን የሠራችው ናት።

ጃንተከል፦ ጠጠር ሲያገኝ ደግሞ «ማን ነው የለቀመው?» ይላል። ያኔ ለቃሚ ስም ይኖራታል።

የማራኪዋ፦ ስለ ጠጠር ካነሳችሁ ልናገር። አምና አንድ ጽሑፍ መጣ፤ ስለ ተቅማጥ ለእናቶች የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሁለት ገምጋሚዎች አልፈውታል፣ አዘጋጁም አልፎታል። አባሪው ላይ፣ በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽና ጨው ስለሚተካው ዱቄት ስለ ኦአርኤስ፣ ለእናቶች የሚነገረው መልእክት አለ። «አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ0.1 ሊትር ንጹሕ ውሃ» ይላል። ነጥቧ ተንሸራታለች። 1.0 ነበር መሆን ያለበት፣ አንድ ሙሉ ሊትር። ከአንድ ብርጭቆ ባነሰ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት ማለት ለታመመ ሕፃን ጨው መስጠት ነው። ያቺን ነጥብ የለቀምኩት እኔ ነኝ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ።

ቀሃ ዳር፦ እሷም ነጥብ እንጂ ኮማ አይደለችም።

የማራኪዋ፦ አንተን እግዜር ይይልህ።

ቆላ ድባ፦ እናንተ ከተማ ተቀምጣችሁ ስለ ስም ትጣላላችሁ። መጠይቅ ይዘን ደምቢያ ጭቃ የምንረግጠው እኛስ? ነርስ ነኝ፣ ክረምት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ነበር። መጠይቁ «የመጀመሪያውን ወተት ለልጅዎ ሰጥተዋል?» ይላል። አንዲት እናት ትክ ብለው አዩኝና «ላሟ መቼ ወለደችና ልጄ!» አሉኝ። ቀጣዩ ቤትም ያው። ሦስተኛው ቤት ላይ ወረቀቱን አጥፌ «እንገሩን አጠቡት ወይስ አልበው ደፉት?» ብዬ ጠየቅሁ። ወዲያው መለሱልኝ፣ አማታቸው ምን እንዳሏቸው ጭምር። ለተቆጣጣሪው ደወልኩ፣ መጠይቁ ተቀየረ። ጽሑፉ ሲወጣ አየሁት፦ «መጠይቁ አስቀድሞ ተሞክሮ ተስተካክሏል» ይላል። እኔ እዚያ ውስጥ ነኝ።

ጃንተከል፦ «ተስተካክሏል» ነህ ማለት ነው። ሰው ሆነህ ገብተህ ግስ ሆነህ ወጣህ።

የአዘዞው፦ ይህን ያነበበ ገምጋሚ ማን እንዳስተካከለው ሊጠይቅ ይገባ ነበር።

ቆላ ድባ፦ ጽሑፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። እኚያ እናት ምን ያደርጉበታል? በአማርኛ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ቢኖረው የጤና ኤክስቴንሽኗ ታነብላቸው ነበር።

ሳሙና በር፦ አሁን ደግሞ ቋንቋ መጣ። ለዓለም የሚጻፍ ነገር በአማርኛ ማን ያነበዋል?

ቆላ ድባ፦ ደምቢያ ዓለም ውስጥ አይደለም?

አባ መኮንን፦ ልጆች፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ወባ ደምቢያን ካረገፈ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። ኮሌጁ ያሰለጠነው ሐኪም አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ሳኒታሪያን ናቸው፣ ወደ ገጠሩም የሚወጡት በቡድን ነው። ዛሬም ተማሪዎቹ ቲቲፒ፣ የቡድን ሥልጠና፣ እያሉ የሚወጡት ያንኑ ነው። ጎንደር ላይ ቆሞ «ሌላው ለቃሚ ነው» ማለት ከየት የመጣ አነጋገር ነው?

ሳሙና በር፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን በታሪክ ዕትም አይወጣም። የጅማው የጤና ሳይንስ ጆርናል ዓለም የሕክምና ጽሑፍ የሚፈልግበት ማውጫ፣ ፐብሜድ ላይ ይገኛል። እኛ ስለ ምስር እንጨቃጨቃለን።

ጃንተከል፦ ኧረ! ሳሙና በር ተቀምጦ ጅማን ማወደስ! ዛሬውኑ ዕቃህን ሸክፍ።

አባ መኮንን፦ ጅማም ቢሆን አንድ ሰው ብቻውን አላወጣውም ልጄ።

ቀሃ ዳር፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

የማራኪዋ፦ ሃምሳችንም ተሸክመናል። ጌጡ ግን አንድ አንገት ላይ ነው የዋለው።

የአዘዞው፦ መፍትሔው ለገምጋሚም ለአራሚም መክፈል ነው። ትንሽም ቢሆን።

ሳሙና በር፦ ከየት አምጥቶ? ከጸሐፊው? የውጮቹ ለአንድ ጽሑፍ ከ2000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። እንዲያ እንሁን?

የአዘዞው፦ እነሱም ቢሆኑ ለገምጋሚ አይከፍሉም፣ ለኛ አገር ጸሐፊ ደግሞ ብዙዎቹ ይምራሉ። የማታውቀውን አትጥራ።

ሳሙና በር፦ ኮማ ለቃሚው በዛ እዚህ ቤት።

የማራኪዋ፦ እንግዲያው በቀጣዩ ዕትም አልለቅምም። ይውጣና እንየው።

ሳሙና በር፦ አታስፈራሪ እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ ከዋና አዘጋጁ ጋር ነው። የእኔ ጽሑፍ ራሱ እዚያ ከገባ ሰባት ወሩ ነው። «ግምገማ ላይ ነው» ብቻ ይሉኛል።

ጃንተከል፦ አሃ! ለአዘጋጁ ጥብቅና የቆምከው ለካ ለዚህ ነው።

የአዘዞው፦ ሰባት ወር? ስለ ምንድን ነው ጽሑፍህ?

ሳሙና በር፦ ስለ ትምህርት ቤት የእጅ መታጠብ ትምህርት።

የአዘዞው፦ …

ጃንተከል፦ የአዘዞው ጸጥ አለ።

ሳሙና በር፦ አንተ ጋ ነው እንዴ?!

የአዘዞው፦ ስውር ግምገማ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። ገምጋሚው ማንም ይሁን ማን፣ ሰኞ ይልካል ብዬ እገምታለሁ።

ሳሙና በር፦ የትኛው ሰኞ?