ለልጄ የአንጎል ደም ስር አልትራሳውንድ የት ላሠራላት?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ የስድስት ዓመት ልጄ ከእኔም ከአባቷም የወረሰችው፣ ኤስኤስ የሚባለው ዓይነት የሲክል ሴል ሕመም (ቀይ የደም ሴሎችን ማጭድ መሰል የሚያደርግ የደም ሕመም) አለባት። ሐኪሟ እንዲህ ያሉ ልጆች ከ2 እስከ 16 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ፣ ስትሮክ ሳይቀድማቸው በየዓመቱ ቲሲዲ በተባለው፣ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ፍጥነት በሚለካ አልትራሳውንድ መታየት እንዳለባቸው አስረድቶ ማዘዣውን ጻፈልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ደሴ ሁለት የምርመራ ማዕከሎች ሄድኩ። በአንደኛው ጽሑፉን ደጋግመው አንብበው «ሲቲ ስካን ትነሣ» አሉኝ። ሲቲ ስካን ግን የደረሰን ጉዳት እንጂ የደሙን ፍጥነት አይለካም፤ ልጄ ደግሞ አልሐምዱሊላህ እስካሁን ትሮጣለች፣ በቀኝ እጇም ስሟን አስተካክላ ትጽፋለች። ፍጥነቱ በሰከንድ 200 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን አደጋው ከፍተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በየጊዜው ደም መስጠት በእነዚህ ልጆች ላይ ስትሮክን በ90 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መከላከያው እያለ መለኪያውን ማጣቴ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይህን የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ለልብ ምርመራ በሚውለው የአልትራሳውንድ መሣሪያም ሊለካ እንደሚችል ሰምቻለሁና፣ በዚያ የሚሠራ ቢኖርም ይበቃኛል። የግድ አዲስ አበባ ከሆነ ግን፣ ትኩሳትም ሆነ በቅርቡ የተሰጠ ደም ውጤቱን ስለሚያዛባ፣ ደም ከተሰጣት ገና ሦስት ሳምንቷ የሆነውን ልጅ መቼ ብወስዳት ይሻላል?