በደች ጥምር ቃላት ላይ ድምፁን የት ላጉላ?

ሰላም ወገኖች፣ ኔዘርላንድስ የምትኖሩ ወይም ደች የተማራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የከበደኝ ሁለት ሦስት ቃል ተጣብቆ አንድ የሚሆነው ነገር ነው።

ደንቡን አውቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎላው የመጀመሪያው ቃል ነው። "ስታትሃውስ" (ማዘጋጃ ቤት) ላይ ግን የሚጎላው መጨረሻው፣ "ሃውስ" ነው። እኔ "ስታት" ላይ ጫን ብዬ መንገድ ስጠይቅ ሴትዮዋ ሁለቴ አስደገመችኝ።

"ፎርኮመን" ደግሞ ይብሳል። "ፎር" ላይ ከጎላ መከሰት፣ "ኮ" ላይ ከጎላ መከላከል ነው። ሲጻፍ ያው አንድ ነው! እኛ በዓሉን ገና ከ"ገና ነው" የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው፤ ይሄኛው ግን ለጆሮዬ እንግዳ ሆነ። እስካሁን የረዳኝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማየቴ ነው። መከሰት የሚለው ለሁለት ይለያያል፣ "ኮምት ፎር" ይባላል። መከላከል የሚለው አይለያይም።

አከፋፈሉም ላይ ተቸግሬያለሁ። "ፋልካውል" ማለት "ፋል" እና "ካውል" ነው፣ ማጥመጃ ጉድጓድ። እኔ "ፋልክ" እና "አውል" ብዬ ከፍዬ ጭልፊትና ጉጉት አድርጌ አነበብኩት። ፊደሎቹ ሁለቱንም ይፈቅዳሉ።

እናንተ አዲስ ረጅም ቃል ሲገጥማችሁ መጋጠሚያውን በምን ታገኙታላችሁ? እንደ "ስታትሃውስ" ያሉትን አፈንጋጮችስ አንድ በአንድ ከመሸምደድ ሌላ መንገድ አለ? ጮክ ብላችሁ የተለማመዳችሁበት ዘዴ ካለ በዝርዝር ጻፉልኝ። የንግግር ፈተናዬ ደርሷል።