ቴሌግራም ላይ የተዋወቅኩት የአርሰናል ደጋፊ ኮሳይን አድርግልኝ አለኝ

መድፈኛው ከአውሮራ
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። በዲቪ ኮሎራዶ ከመጣሁ 14 ወሬ ነው፣ ዌርሀውስ የሌሊት ሺፍት እሰራለሁ፣ የማውቀው ሰው የአክስቴ ልጅ ብቻ ናት እሷ ደግሞ ኳስ የሚባል ነገር አይገባትም። አርሰናልን ብቻዬን ስልክ ላይ ማየት ሲሰለቸኝ ቴሌግራም ላይ ያበሻ አርሰናሎች ግሩፕ አግኝቼ ገባሁ። ስንሳደብ ስንስቅ ከርመን አንድ ቀን "ነገ 2 ሰዓት እንገናኝ" ብዬ የካፌ አድራሻ ለጠፍኩ። ሶስት ልጆች ጠዋት መጡ፣ አየን፣ ተለያየን፣ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ከሰዓት ስልኬ ጮኸ፣ "ወንድሜ እኔ ደርሻለሁ የት ናችሁ?" ለካ በፈረንጅ 2 ሰዓት ገብቶት ነው! ማልያውን ለብሶ ስካርፉን ጠምጥሞ ብቻውን ተቀምጧል። ሪፕሌይ የምናይ መስሎት ውጤቱን እንዳይሰማ ከጠዋት ጀምሮ ኢንተርኔት አልከፈተም። አሳዝኖኝ ሄድኩና ገና ወንበር ስስብ "አሸነፍን አይደል!" ብዬ አበላሸሁበት።

ከዛ ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ዊንተሩን ሙሉ በበረዶ ስራ ያደረሰችኝ የሱ አሮጌ መኪና ናት። ባለፈው ሳምንት ሞተሯ ሄደ። አሁን 18 ሺህ ዶላር ካምሪ አይቷል፣ ዲለሩ ክሬዲትህ ገና ነው፣ ብድሩ ላይ አብሮህ የሚፈርም ኮሳይነር አምጣ ብሎታል። የኔ የክሬዲት ስኮር (ዕዳ አከፋፈልን የሚለካው ነጥብ) 710 ነው፣ የአክስቴ ልጅ ክሬዲት ካርዷ ላይ ስሜን አስገብታ አውቶራይዝድ ዩዘር አድርጋኝ ነው። ስክሪንሻት አድርጌ የላክሁለት ደግሞ እኔው ጉረኛው ነኝ። ምን ልበለው?

ጋሽ ሜሪላንድ
ልጄ ስማኝ። እዚህ 22 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ታክሲ ነድቻለሁ መኪናም ሸጫለሁ። ኮሳይን ምስክርነት አይደለም፣ ዕዳውን በሙሉ መሸከም ነው። እሱ መክፈል ቢያቆም ባንኩ መጀመሪያ እሱን ላሳድ አይልም፣ በአብዛኛው ስቴት ቀጥታ አንተ ጋ መምጣት ይችላል። 30 ቀን ያለፈ ክፍያ ያንተም ክሬዲት ላይ ይወጣል፣ ፋይኮ የሚባለው የክሬዲት ስኮር 35 ፐርሰንቱ ደግሞ የአከፋፈል ታሪክ ነው። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ስምህ ከሌለ መኪናው ያንተ አይደለም ዕዳው ግን ያንተ ነው። ነገ አንተ ራስህ መኪና ልግዛ ስትል ያ 18 ሺህ አብሮ ይቆጠርብሃል። ልውጣ ብትል ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ወይ ልጁ በራሱ ስም ሪፋይናንስ እስኪያደርግ (በአዲስ ብድር እስኪተካው) ብዙውን ጊዜ መውጫ የለህም። ከመፈረምህ በፊት "ኖቲስ ቱ ኮሳይነር" የሚል ወረቀት ይሰጡሃል፣ ሕጉ ያስገድዳቸዋል፣ ያበሻ ልጅ ግን ሳያነብ ነው የሚፈርመው ስንቱን አይቻለሁ።

ቀይ ሰይጣን
ከ2004 በኋላ ሊግ ለማየት 20 ዓመት ከምናምን የጠበቀ ሰው የመኪና ክፍያ መጠበቅ ያቅተዋል እንዴ 😂 ፈርምለት አቦ

የጉለሌዋ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው ግን ልጁ በበረዶ ያደረሰውንስ የት እንጣለው? እኔ ኳስ ሳይሆን ሩጫ ነው የምወደው። 2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ማራቶን በ2:11:53 ስትገባ እዚህ ቨርጂኒያ ገና አልነጋም፣ ፌስቡክ ላይ ከተዋወቅኳቸው ሴቶች ጋር በግሩፕ ኮል ስንጮህ ጎረቤቴ ግድግዳ ደበደበ። ከነሱ አንዷ ዛሬ የልጄ ክርስትና እናት ናት፣ በአካል ያየኋት ክርስትናው ቀን ነው። ኳስ ስትሉ ደግሞ ሆዴን አባባችሁት። ወንድሜ ዲኤስቲቪ ቤት ሲገባ እኔ በር ላይ ቆሎ ከምትሸጠው ሴትዮ አጠገብ ነበር የምቆመው፣ በጩኸቱ ብቻ ማን እንዳገባ እናውቅ ነበር። በፈረንጅ 2006 የአርሰናልና የባርሴሎና የፓሪሱ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ኤቶ ለባርሳ ሲያገባ ግማሹ ቤት ሲፈነዳ ግማሹ ጭጭ፣ ወንድሜ ማልያው ውስጥ ፊቱን ቀብሮ ወጣ። አሁን ያው ወንድሜ በየወሩ የዲኤስቲቪ ላኪልኝ ይለኛል። የእማዬን መድኃኒት የምልከውም እኔ ነኝ፣ እሱ ግን ሲደውል ከመድኃኒቱ በፊት ኳሱን ነው የሚጠይቀኝ 😔

ሙሌ ዳላስ
ሰው ለመተዋወቅ ከሆነ ስክሪን ላይ አትቅር። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ 4 ሰሞን የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌደሬሽናችን ውድድር አለ፣ ግማሹ ሰው ኳሱን ሳያይ ነው የሚመለሰው፣ ስታዲየሙ ዙሪያ ጥብስና ቡና እያለ ማን ኳስ ያያል። ግን አንድ ነገር ልናገር፣ ጥፋቱ ያንተ ነው። አሜሪካ ተቀምጠህ 2 ሰዓት ስትል 2 ሰዓት ነው። ጠዋት 8 ማለት ምን ይከብዳል?

ጋሽ ሜሪላንድ
እንዴት ነው የሚከብደው? ባማርኛ ነው የጻፈው ባማርኛ ይነበባል። 22 ዓመት ሙሉ ጠዋት 2 ሰዓት ስል ሚስቴ ተሳስታ አታውቅም።

ሙሌ ዳላስ
ጋሼ የርስዎ ሚስት ናታ። የሐኪም ቀጠሮም በሀበሻ ሰዓት ነው የሚይዙት? ያ ልጅ እኮ ማልያ ለብሶ ብቻውን ተቀመጠ።

የጉለሌዋ
ሙሌ አንተ ኤርፖርት ስድስት ሰዓት አስጠብቀኸኝ የለ? ያኔ በየትኛው ሰዓት ነበር የቆጠርከው?

ሙሌ ዳላስ
እሱ ትራፊክ ነው።

ቀይ ሰይጣን
ስድስት ሰዓት ትራፊክ 😂😂

ጋሽ ሜሪላንድ
ለማንኛውም ልጄ፣ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር ማህበር) ይሞክር በለው፣ ማስያዣ ብር አስቀምጦ ሴኪዩርድ ካርድም ያውጣ፣ በርካሽ ያገለገለ በካሽ ገዝቶ አንድ ዓመት ይንዳ። አንተ ቤንዚኑን አግዘው፣ ፊርማህን ግን አይደለም።

መድፈኛው ከአውሮራ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ግን ፊቱ እንዴት እላለሁ? አሁን ራሱ "ቅዳሜ አብረን እናያለን አይደል" ብሎ ቴክስት አደረገልኝ፣ ስለ መኪናው ምንም አላለም፣ እሱ ነው የከበደኝ። ጌሙ የቀኑ የመጀመሪያ ስለሆነ እዚህ 11:30 ላይ ነው የሚጀምረው፣ በዛ ሰዓት ባስ የለም እሱም አሁን መኪና የለው፣ የአክስቴን ልጅ ልለምናት ነው።

ቀይ ሰይጣን
11:30 በማን?