ቆፍረን ያገኘነው ስብራት የድሮ መንቀጥቀጥ ነው ወይስ የመሬት መንሸራተት?

የጣርማበር ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። ከደብረ ሲና ዝቅ ብሎ የቤተሰብ መሬት አለን። ለእናቴ ቤት ልሠራ ኤክስካቫተር አስገብቼ ተዳፋቱን አስቆረጥኩ። የተቆረጠው ግድግዳ ላይ ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ወጣ። ንጣፉ መሃል ላይ ተሰብሮ በቁልቁለቱ በኩል ያለው አንድ ክንድ ያህል ወርዷል። ከላይ ያለው ጥቁር አፈር ግን አልተቆረጠም። ቆፋሪዎቹ «የ53ቱ መንቀጥቀጥ ነው» አሉኝ። ጎረቤታችን ደግሞ «ተራራው እየሄደ ነው» ይላል። መሠረት ላውጣ ወይስ ልተወው?

ወሎዬው፦
የ1953ቱ እኮ ካራቆሬና ማጀቴን ነው የመታው፤ ከእናንተ ወደ ሰሜን ነው። አባቴ ማጀቴ እንዴት እንደፈረሰች ሲያወራ ነው ያደግነው። እናንተ ጋ ግን እኔ የማውቀው በ1998 ደብረ ሲና አካባቢ የደረሰውን መንሸራተት ነው። ስንት ቤት ፈርሶ ስንት ሰው ተፈናቀለ! ጎረቤትህን ስማ።

ድንጋይ አንባቢ፦
ቆይ፣ አንቸኩል። ጥቁሩ አፈር ምን ያህል ይወፍራል? ስንዝር ብቻ ከሆነ ማረሻ ስብራቱን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። አንድ ሜትር ከሆነና እዚያው የበሰለ አፈር ከሆነ ግን ስብራቱ ከ1953 በጣም ይቀድማል። ጠጠር የተቀላቀለበት፣ ጎርፍ ያመጣው አፈር ከሆነ ደግሞ ቶሎ ስለሚወፍር ዕድሜ አይነግርህም።

ይሄ ሁሉ ግን መቼ እንደተሰበረ ነው የሚነግርህ። ምን እንደሰበረው አይነግርህም። መንሸራተትም የሺህ ዓመት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው «የቆየ ነው» ሲባል «እንግዲያው ፎልት ነው» ይላል፤ ፎልት ማለት መንቀጥቀጥ የሚያስነሳው የአለት ስብራት ነው። እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

መስመሩን መሬት ላይ ተከተለው። ፎልት ለኮረብታ ደንታ የለውም፤ ሸንተረሩንም ወንዙንም አቋርጦ ረጅም ርቀት ይሄዳል። የመንሸራተት ራስጌ ግን እንደ ፈረስ ኮቴ ይታጠፋል፣ ሁለት ጫፉም ወደ ቁልቁለቱ ይዞራል። ግርጌው ያብጣል፣ ብዙ ጊዜም ምንጭ ይወጣበታል።

ቀጥሎ ወደ ታች እይ። በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ያሉ ፎልቶች ቁልቁል ወርደው ጠንካራውን አለት ራሱን ይቆርጣሉ። የመንሸራተት ገጽ ግን ዝቅ ሲል እየተጋደመ ሄዶ አብዛኛውን ጊዜ ሸክላ አፈር ላይ ይተኛል። ጉድጓዱ ውስጥ ግን እንዳትገባ! ያልተደገፈ ግድግዳ ሰው ይቀብራል። ከላይ ሆነህ ፎቶ አንሳ።

የመንገድ መሐንዲሷ፦
በዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልጨምር። አንዴ በመንገድ ሥራ ላይ የተቆረጠ አፈር ውስጥ የተፋቀና የሚያብለጨልጭ ገጽ አየሁና «ፎልት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ለካ ዋልካ ነው! ዋልካ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲጨማደድ እርስ በርሱ ተፋትጎ ያንኑ ገጽ ይሠራል። ስለዚህ ብልጭታ ብቻ አይተህ አትፍረድ።

ተመራቂ ተማሪ፦
እኛ የተማርነው ከስብራቱ ግርጌ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው የረገፈ አፈር ካለ ፎልት ነው ተብለን ነው።

ድንጋይ አንባቢ፦
ሽብልቁ የሚነግርህ ደረጃ ተፈጥሮ ከጫፉ አፈር እንደረገፈ ነው። የመንሸራተት ራስጌም ደረጃ ይሠራል፣ ያው ሽብልቅ ይወጣል። ተደራርበው ከተገኙ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀሳቅሷል። በመካከላቸው ከሰል ካለ ዕድሜው ይለካል። አንቀሳቃሹ ማን እንደሆነ ግን አሁንም ከቅርጹና ከጥልቀቱ ነው የሚታወቀው። ደግሞ ሁለቱ አብረው ሊሆኑም ይችላሉ፤ መንቀጥቀጥ ተዳፋቱን ይገፋዋል፣ ተዳፋቱም የድሮ ፎልት ያደከመውን አለት መንገድ አድርጎ ይወርዳል።

የጣርማበር ልጅ፦
ሄጄ አየሁት። ጥቁሩ አፈር ከወገቤ በላይ ነው፣ ጠጠር የለውም። መስመሩ ይታጠፋል፣ ሰማንያ እርምጃ ያህል ሄዶ በሁለቱም በኩል ይጠፋል። ኤክስካቫተሩ ትንሽ ሲጨምር ስብራቱ ተጋድሞ ቀይ የሚያጣብቅ ሸክላ ላይ ተኛ፣ እዚያም ውሃ ያዣል። የወረደው ንጣፍ ደግሞ ወደ ተራራው ዘንበል ብሏል።

የመንገድ መሐንዲሷ፦
ወንድሜ፣ ይሄ የድሮ መንሸራተት ይመስላል። ወደ ኋላ ያዘነበለው ንጣፍ፣ ከተጋደመው ገጽና ከውሃው ጋር ሲታይ፣ እየዞረ የወረደ መሬት ምልክት ነው። የቆየ ነው ማለት ግን ቆሟል ማለት አይደለም። ቤት ራስጌው ላይ መጫን እንደገና መግፋት ነው። የቆረጥከውን ከክረምት በፊት መልሰህ ሙላና ጠቅጥቀው። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ አዙረው። ከስብራቱ ወዲህና ወዲያ ችካል ተክለህ ርቀቱን ለካ፣ ከክረምት በኋላ ድገመው። ፎቶውን ለወረዳው አሳይ፤ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችም ቢያዩት ጥሩ ነው። የኛ ፍርድ ከሩቅ ነው።

የጣርማበር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ችካሉን ዛሬ ተከልኩ፣ 2 ሜትር ከ14 ነው። መስከረም ላይ እጽፍላችኋለሁ። እናቴ ነገሩን ስነግራት «ቀድሞስ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሜዳው ላይ ይሁን አላልኩም?» አለችኝ።