የሻኒዳሩ የአበባ ቀብር ለልጆች መነገሩ ይቀጥል ወይስ ይቁም?

አወያይ፦ አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ራልፍ ሶሌኪ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1960 በኢራቅ ኩርዲስታን የሻኒዳርን ዋሻ ቆፍረው የበርካታ ኒያንደርታሎችን፣ ማለትም ዛሬ የጠፉ የጥንት የሰው ዘመዶችን፣ አፅም አወጡ። «ሻኒዳር 4» ከሚባለው አፅም ዙሪያ በተወሰደ አፈር ውስጥ የብናኝ ተመራማሪዋ አርሌት ሌሯ-ጉራን ተጣብቆ የተጓጎለ የአበባ ብናኝ አገኙ። ሶሌኪም ሟቹ በአበባ ተቀብሯል አሉ። ይህ ታሪክ እንደ እውነት ማስተማሩ ይቀጥል?

መምህሩ፦ ይቁም! ተመራማሪው ጄፍሪ ሶመር በ1999 እንዳስረዳው፣ ጀርድ የምትባል አይጥ መሰል እንስሳ አበባ እየለቀመች ጉድጓዷ ውስጥ ታከማቻለች። ሶሌኪ ራሳቸው እኮ የአይጥ ጉድጓድ አይተዋል። ልብ ስለነካ ብቻ አይስተማርም። ተማሪ አንዴ የያዘውን ታሪክ ማስለቀቅ ምን ያህል እንደሚያደክም አውቀዋለሁ።

ንብ አናቢው፦ መምህር፣ አይጧን እንኳ ይተዉአት። በ2023 እነ ክሪስ ሀንት ያወጡት ጥናት ወደ ንብ ያመለክታል። በቀፎ የማይኖሩ፣ ብቻቸውን አፈር ቦርቡረው እንቁላል የሚጥሉ ንቦች አሉ። በአንዱ ጓል ውስጥ የተለያዩ አበቦች ብናኝ ተቀላቅሎ ተገኝቷል፤ ንብ በእግሯ ጠቅልላ የምታመጣውን ላየ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ደግሞም አበቦቹ ሁሉ በአንድ ወቅት የሚፈኩ አይደሉም። ታዲያ ለአንድ ቀብር እንዴት አብረው ይቀጠፋሉ?

ሐኪሟ፦ በአበባው አልሟገትም። የምሰጋው አበባው ሲወድቅ የኒያንደርታሎቹ ርኅራኄም አብሮ እንዳይጣል ነው። «ሻኒዳር 1»ን ተመልከቱ፦ የግራ ዓይኑ ዙሪያ በምት ደቅቋል፣ ቀኝ ክንዱ መንምኖ ከክርኑ በታች የለም፣ እግሩ ተጎድቷል፣ የጆሮው ቀዳዳ በአጥንት ተደፍኗል። ቁስሎቹ ግን ድነዋል። ከጉዳቱ በኋላ ለዓመታት ኖሯል ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ በሽተኛ ድኖ ሳይ ከጀርባው አስታማሚ እንዳለ አውቃለሁ።

መምህሩ፦ ዶክተር፣ ማስታመምና መቅበር ለየቅል ናቸው። የዋሻው ጣሪያ ተንዶ የገደላቸው እንዳሉ ሶሌኪም ብለዋል።

ሐኪሟ፦ ለዚህም መልስ አለኝ። በካምብሪጁ ግሬም ባርከር የሚመራው ቡድን በ2018 ከ«ሻኒዳር 4» አጠገብ ሌላ አፅም አገኘ፤ «ሻኒዳር ዜድ» ይሉታል፣ 75 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ግራ እጁ ከጭንቅላቱ ሥር ታጥፏል። ያረፈበት ቦይም ሆን ተብሎ ጠለቅ እንዲል የተቆፈረ ይመስላል። ሌሎችም እዚያው ቦታ ላይ ተጋድመዋል። ናዳ ሰውን እንዲህ አያስተኛም።

ንብ አናቢው፦ ሶሌኪንም አንበድላቸው። በ2019 በ101 ዓመታቸው ያረፉት እኚህ ሰው ያንን አፈር ጠርገው ቢጥሉት ኖሮ፣ ዛሬ እሳቸውን የምንሞግትበት ማስረጃ ከየት ይመጣ ነበር?

መምህሩ፦ እሱን አልካድኩም። እንግዲያው «በአበባ ይቀብሩ ነበር» የሚለው ይውጣና የአይጧና የንቧ ክርክር ከነማስረጃው ይግባ። ክንዱን ያጣው ሰውዬም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጥ።